ፍላት ሬቲንግ ምንድን ነው? ለጄት ሞተር አዲስ አበባ ለምን ሞቃት ከተማ ሆነች?

ጎሮና አራብሳ አካባቢ የሚኖር ሰው ከቦሌ ወደ ምሥራቅ የተነሳ አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ ማየት ለምዷል። ክብደቱ እኩል ከሆነ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፀሐይ የተነሳው ማለዳ ከተነሳው ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከምክንያቶቹ አንዱ ፍላት ሬቲንግ ነው።

አምራቹ «ይህ ሞተር ይህን ያህል ትረስት፣ ማለትም ገፊ ኃይል ይሰጣል» ሲል ቃሉ የሚጸናው እስከ አንድ የአየር ሙቀት ድረስ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ ሞተሮች ያ ወሰን በባሕር ጠለል ላይ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አየሩ 5 ዲግሪም ይሁን 25፣ የመነሻ ትረስቱ ያው ነው፤ ፍላት ሬቲንግ የሚባለው ይህ ነው። በብርድ ከዚያም በላይ መስጠት በቻለ ነበር፤ ግን አካሉ የሚችለው ጫና ስለተወሰነ ኮምፒውተሩ ይይዘዋል። ወሰኑ ሲታለፍ ትረስቱ መውረድ ይጀምራል።

የሚያወርደው ተርባይኑ፣ ማለትም በጋለው ጋዝ የሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ቀድሞውኑ ከሞቀ፣ ኮምፕረሰሩ ጨምቆት ሲወጣ ይብስ ይግላል። በዚያ ላይ ነዳጅ ሲቃጠልበት፣ በዘመናዊ ሞተር ተርባይኑ አፍ ላይ የሚደርሰው ጋዝ ከ1,500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ብሌዶቹ፣ ማለትም የተርባይኑ ክንፎች፣ የተሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ብሌዱ የሚተርፈው ከኮምፕረሰሩ የተጠለፈ አየር በውስጡ አልፎ፣ በገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ እንደ መጋረጃ ስለሚሸፍነው ነው። ይህ «ማቀዝቀዣ» አየር ራሱ በመቶዎች ዲግሪ የጋለ መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። እዚያ ቦታ መለኪያ ስለማይበረክት ሙቀቱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይለካል፤ ኢጂቲ (የሚወጣው ጋዝ ሙቀት) የሚባለው እሱ ነው። በቦይንግ 737-800 ሞተር፣ በሲኤፍኤም 56-7ቢ፣ ቀዩ መስመር፣ ማለትም የማይታለፈው ጣሪያ፣ 950 ዲግሪ ነው። ወደዚያ ላለመጠጋት ነዳጁ ይቀነሳል፤ ትረስቱም አብሮ ይቀንሳል።

ታዲያ አዲስ አበባ 30 ዲግሪ መቼ ደርሳ ታውቃለችና? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወሰኑ ከከፍታ ጋር ይወርዳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ሙቀት በባሕር ጠለል ካለው 15 ዲግሪ ተነስቶ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ የቦሌ «መደበኛ» ሙቀት ዜሮ ገደማ ነው። ወሰኑ ከመደበኛው 15 ዲግሪ በላይ የሆነ ሞተር እዚህ በ15 ዲግሪ ላይ ይደርስበታል። እኛ ጥላ ሥር ሹራብ የምንደርብበት 24 ዲግሪ፣ ለሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ 39 እንደማለት ነው።

ከፍታው ለብቻው ሌላ ዕዳ አለው፤ የአየሩ ጫና በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንደርደሪያ ቢኖርም ሩቅ የሚሄድ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ መነሳት ይቸግረዋል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚመጣው ለዚህ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ያለማረፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ የባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖችን የርቀት ክብረ ወሰን የያዘውም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው።

ቢሾፍቱ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ወሰኑ እዚያ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ከተማዋ ግን ከአዲስ አበባ ሞቅ ስለምትል በዚህ በኩል ብዙ ትርፍ የለም፤ እዚያ በሚገነባው አዲስ ኤርፖርት ሞተሩ በዋናነት የሚያተርፈው ከወፈረው አየር ነው።