መርዝ በል ባክቴሪያዎችና የስማቸው ጣጣ

ኤልቢ400 የሚባል ባክቴሪያ አለ። የተገኘው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ በፒሲቢ ከተበከለ አፈር ነው። ፒሲቢ የድሮ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የነበረ፣ አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ለአሥርት ዓመታት አልጠፋም የሚል ኬሚካል ነው። ኤልቢ400 ይሰባብረዋል። የሚጠግበው ግን በፒሲቢ የቅርብ ዘመድ፣ በባይፌኒል ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህኑን ገልብጠው ክዳኑ ላይ የባይፌኒል ቅንጣት ያስቀምጡለታል። እሱም ከክዳኑ በሚነሳው ትነት ብቻ ይራባል።

ይህ ባክቴሪያ መጀመሪያ ሱዶሞናስ ተባለ። ቀጥሎ ቡርክሆልደሪያ ሆነ። በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዜኖቮራንስ የሚል የዝርያ ስም ወጣለት፤ «ባዕድ ነገር በላተኛ» እንደማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ፓራቡርክሆልደሪያ ዜኖቮራንስ ነው። ባክቴሪያው ያው ነው፤ የተቀያየረው መታወቂያው ነው።

ነገሩ የመጣው ከድሮው አመዳደብ ነው። ግራም በሚባል የላብራቶሪ ማቅለሚያ ሮዝ ሆኖ የታየ፣ ዘንግ የመሰለ፣ በጭራው የሚዋኝና ኦክስጅን የሚፈልግ ባክቴሪያ ሁሉ ሱዶሞናስ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ሱዶሞናስ ያገኙትን የሚወረውሩበት ጆንያ ሆኖ ከረመ። ጆንያውን የፈታው የዘረመል ንባብ ነው። ካርል ዉዝ በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ የሕዋስ ፕሮቲን ፋብሪካ የሆነው ራይቦዞም ውስጥ ያለው 16ኤስ አርኤንኤ ዝምድናን ይናገራል። ጂኑ ወደ 1,500 ፊደል አለው። የሁለት ባክቴሪያዎች ፊደል ከ98.7 በመቶ በታች ከተመሳሰለ አንድ ዝርያ አይደሉም። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ጂኖማቸው፣ ማለትም የዘረመል ጽሑፋቸው በሙሉ፣ ይነጻጸራል፤ እዚያ ድንበሩ ከ95 እስከ 96 በመቶ ነው።

በ1992 ጃፓናዊቷ ኤይኮ ያቡኡቺና ባልደረቦቿ ሰባት የሱዶሞናስ ዝርያዎችን አውጥተው ቡርክሆልደሪያ አሏቸው። ስሙ በ1950 ሽንኩርት የሚያበሰብስ ባክቴሪያ ለገለጸው ዋልተር ቡርክሆልደር መታሰቢያ ነው። ያ የሽንኩርት ባክቴሪያ፣ ሴፓሺያ፣ ሁለት መልክ አለው። ከዘመዶቹ መካከል መርዛማ ኬሚካል የሚያፈርሱ አሉ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ግን ሊገድሉ ይችላሉ። ስለዚህ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2003 እነዚህን ለአዲስ የንግድ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አስገደደ። በ2014 ተመራማሪዎች ጂኖምን መሠረት አድርገው በሽታ አምጪዎቹን ቡርክሆልደሪያዎች ከአፈርና ከእፅዋት ነዋሪዎቹ ሲለዩ፣ ኤልቢ400ም ከአፈሮቹ ጋር ፓራቡርክሆልደሪያ ተብሎ ወጣ። እንግዲህ «ፓራ» የምትለዋ ቅጥያ ተራ የወረቀት ሥራ አይደለችም። ባክቴሪያውን ሜዳ ላይ ልበትን ለሚል ሰው የዘመዶቹ ማንነት ትልቅ ጉዳይ ነው። ቢሆንም ስም ብቻውን የጤና ምስክር ወረቀት አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው የሊንዴን ታሪክ ነው። ሊንዴን የተባይ ማጥፊያ ነው፤ በ2009 ቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። አንድ ቶን ሊንዴን ሲመረት ከ8 እስከ 12 ቶን የማይፈለግ ተረፈ ምርት ይወጣል። ሊንዴንን የሚበሉ ሦስት ባክቴሪያዎች ከሕንድ፣ ከጃፓንና ከፈረንሳይ አፈር ተገኙ። የሕንዱ ከሸንኮራ አገዳ ሥር ነው የመጣው። ሦስቱም ስፊንጎሞናስ ፓውሲሞቢሊስ ይባሉ ነበር። አንድ መርዝ ስለሚበሉ አንድ ዝርያ መምሰላቸው አይደንቅም። በ2005 ሲጣራ ግን ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ስፊንጎቢየም ኢንዲኩም፣ ጃፖኒኩምና ፍራንሴንሴ ተባሉ። መርዙን የሚያፈርሱት «ሊን» የተባሉት ጂኖች ግን ሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ጂኖቹ አጠገብ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲኤንኤ ቁራጭ ተቀምጧል፤ አንዳንዶቹም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚሻገር፣ ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ ተጨማሪ ዲኤንኤ ላይ ተጭነዋል። ሙያው ከወላጅ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤትም ይወረሳል ማለት ነው። አንድ ባክቴሪያ የሚበላውን አይቶ የማን ዘር እንደሆነ መናገር የማይቻለውም ለዚህ ነው።

አዲስ ስም ቶሎ አይለመድም። የአዲስ አበባ ሰው አደባባዩን በድሮ ስሙ እንደሚጠራው፣ የላብራቶሪ ሰውም እንዲሁ ነው። ኬቲ2440 ዘሩ ከጃፓን አፈር የመጣ፣ ጂኖሙም በ2002 የተነበበ ዝነኛ ባክቴሪያ ነው። በ2019 ሱዶሞናስ አሎፑቲዳ እንዲባል ሐሳብ ቀረበ። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ግን ዛሬም በድሮ ስሙ ሱዶሞናስ ፑቲዳ ነው የሚሉት።