የትያትር ሲዝን ምንድን ነው? ምዕራፍ አይደለም!

«ሲዝን አንድን አላየሁም። ከሁለት ብጀምር ይገባኛል?»

አንድ የኮሌጅ ትያትር ክፍል ተማሪዎቹ በመጪው ዓመት የሚሠሯቸውን ትያትሮች ሲያሳውቅ አንድ ሰው የጠየቀው ነው። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነው፤ አልከፋኝም። ያበሳጨኝ ሌላ ሰው የሰጠው መልስ ነው። «አምስቱ ትያትሮች እርስ በርስ አይገናኙም» አለ። «አንዱ የግሪክ ትራጄዲ፣ አንዱ ኮሜዲ፣ አንዱ ተማሪ የጻፈው። ይሄ ሲዝን አይባልም፤ የተገኘውን መሰብሰብ ነው።»

ይህን ዓይነት ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሥራዬ የመድረክ መብራት ነው። ብዙ የተማሪ ትያትሮችን አብርቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ልናገረው።

ጥፋቱ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። በተከታታይ ድራማ ሲዝን ማለት ምዕራፍ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ታሪኩ ይቀጥላል። በትያትር ግን ቃሉ የድሮ ትርጉሙን አልለቀቀም፤ ወቅት ማለት ነው። ትያትር ቤቱ የሚከፈትበት ወር አለ፣ የሚዘጋበት ወር አለ። በመሃል የሚታየው ሁሉ የዚያ ሲዝን ነው። በኮሌጅ ደግሞ ወቅቱ የትምህርት ዓመቱ ነው። ታሪኮቹ የመገናኘት ግዴታ የለባቸውም። የሚያገናኛቸው አንድ መድረክ፣ አንድ ወርክሾፕ፣ አንድ በጀት እና የዚያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው።

ገበሬ አስቡ። ዘንድሮ ስንዴ የዘራበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ባቄላ ይዘራል። «ስንዴና ባቄላ ምን ያገናኛቸዋል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚያገናኛቸው መሬቱ ነው። ስንዴ አፈሩን ይበላል። ባቄላ ደግሞ ሥሩ ላይ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ናይትሮጅን ይመልስለታል። ቅደም ተከተሉ ራሱ እውቀት ነው።

ሲዝንም እንደዚያው ነው። ሙዚቃዊ ትያትር ስንዴ ነው። ኦርኬስትራ ይፈልጋል፣ ዳንስ ይፈልጋል፣ አልባሳቱ አያልቅም። የልብስ ክፍሉንም ወርክሾፑንም አራቁቶ ነው የሚሄደው። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ግዙፍ ሥራ ብታስቀምጡ ሁለተኛው ይቀጭጫል። ስለዚህ ሁለት ወንበርና ሦስት ተዋናይ ያለው ተውኔት ይከተለዋል። ሰው «በጀት አልቆባቸው ነው» ይላል። አይደለም፤ ያ ባቄላው ነው። አናጺዎቹ ያርፋሉ፤ ትወናው ብቻውን ይፈተናል። መሬት ጦም የሚያድርበትም ጊዜ አለ። ፈተና በሚደርስባቸው ሳምንታት መድረኩ ጨለማ ከሆነ ማንም አልሰነፈም።

የግሪኩ ትራጄዲም ዝም ብሎ የገባ አይደለም። በጥንቱ የአቴንስ ትያትር ኮረሱ፣ ማለትም አብሮ የሚዘምረውና የሚናገረው ቡድን፣ 12 ሰው ነበር፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ሶፎክለስ 15 አደረገው ይባላል። ተናጋሪ ተዋናዮቹ ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። ይህ ለኮሌጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ገና የገቡ 15 ተማሪዎች አብረው መተንፈስን፣ አብረው መራመድን፣ በአንድ ድምፅ መናገርን ይማራሉ። ከባዱን ሚና የሚሸከሙት አንጋፋዎቹ ናቸው። አሁን ከሼክስፒር ተውኔት ከሐምሌት ጋር አወዳድሩት። ሐምሌት ውስጥ ስም ያላቸው ሴት ገጸ ባሕርያት ሁለት ናቸው፤ ገርትሩድና ኦፊሊያ። በሼክስፒር ዘመን የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ስለነበሩ የሴት ሚና ጥቂት ነው። ክፍሉ ውስጥ 20 ሴት ተማሪዎች ቢኖሩ 18ቱ ምን ይሥሩ? ወይ ሚናዎቹን ለሴቶችም መክፈት ነው፣ ወይ በዚያው ዓመት ሴቶች የሚበዙበት ሌላ ተውኔት ማስገባት ነው። ዝርዝሩ ላይ «አይገናኙም» የተባሉት ሁለት ትያትሮች ብዙ ጊዜ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

«ተማሪዎቹ የወደዱትን ነው የሚመርጡት» የሚለውም ትክክል አይደለም። የወደዱትን ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ይሟገታሉ። ነገር ግን ተውኔት ወደዱት ተብሎ አይሠራም። መጽሐፉን መግዛት የማሳየት ፈቃድ አይሰጥም። በብዙ አገሮች ደራሲው ከሞተ 50 ወይም 70 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ባለመብቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ትርጉም ደግሞ የራሱ መብት አለው። ሼክስፒር የሞተው እ.ኤ.አ. በ1616 ስለሆነ እንግሊዝኛው የሁሉም ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን የአማርኛ ሐምሌት ግን የተለየ ሥራ ነው። ጸጋዬ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት።

ስለ መብራት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዲኮሩ ሳይቆም መብራት አይስተካከልም። ፋኖስ የምንለውን የመድረክ መብራት ቀድሜ ልሰቅለው እችላለሁ፤ ወዴት እንደሚያበራ የምወስነው ግን ግድግዳውና በሩ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። ስለዚህ አናጺዎቹ ሁለት ቀን ከዘገዩ ሁለቱም ቀን የሚቀነሰው ከእኔ ነው። ሲዝን ሲታቀድ በሁለት ትያትሮች መካከል ያለውን ክፍተት መጀመሪያ የማየው ለዚህ ነው። አንዱ እሑድ ማታ አልቆ ሌላው ሰኞ ጠዋት የሚገባ ከሆነ፣ ሌሊቱን መሰላል ላይ የሚያድር ተማሪ አለ ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከፍታ ላይ ከባድ ፋኖስ ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ፤ ዳግም ማየት አልፈልግም። የትኛውም የጥበብ ምክንያት ለዚህ በቂ አይደለም።

የማሳው ምሳሌ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። አፈር አይመረቅም። የገበሬው መሬት በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ነው፤ የእኛ መሬት ግን በየዓመቱ ከፊሉ ይሄዳል። በአራት ዓመት ፕሮግራም አንድ ተማሪ የሚያገኘው አራት ሲዝን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሩ ክፍል የሚያቅደው ለአንድ ዓመት አይደለም። ዛሬ የገባች ልጅ እስክትመረቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ጥንታዊ ሥራ፣ አንድ ሙዚቃዊ ትያትር፣ አንድ ዘመናዊ ተውኔት እና ማንም ሠርቶት የማያውቅ አዲስ ጽሑፍ ማግኘት አለባት። ባለፈው ዓመት የተሠራውን ሳያዩ ስለ ዘንድሮው ዝርዝር መፍረድ የሚከብደው በዚህ ነው። ያ አስተያየት ሰጪ አምስት ርዕስ አየ። እኔ የሃያ ትያትር አንድ ሩብ ነው የማየው።

ተማሪ የጻፈውንም «መሙያ» ብሎታል። እሱን አልቀበልም። የሞተ ደራሲ ልምምድ ላይ አይመጣም። አብሮ የሚማር ደራሲ ግን ሦስተኛ ረድፍ ተቀምጦ የጻፈው መስመር ተዋናዩ አፍ ላይ ሲሰበር ይሰማል፤ ማታውን ያስተካክለዋል። ተዋናዩም፣ አዘጋጁም፣ እኔም በማግስቱ አዲስ ገጽ ይዘን እንጀምራለን። ይህን የሚተካ ክፍለ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ለጠየቀው ሰው፦ አዎ፣ ከሁለተኛው ጀምር፤ ይገባሃል። ከቻልክ ግን የግሪኩ ኮረስ ውስጥ ከኋላ የቆመችውን አንዷን ልጅ ፊቷን ያዝ። ከሦስት ወር በኋላ ባለሦስት ተዋናዩ ተውኔት ላይ እሷን ፈልጋት።