የታሪክ ጉብኝት በትምህርት ቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጉብኝት ማለት ሽርሽር ነው።»
ብዙ ወላጅ የፈቃድ ወረቀቱን የሚፈርመው እንዲህ እያሰበ ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤትም ያው ነው። አውቶብስ ይከራያል፣ ልጆቹ ሰልፊ ይነሣሉ፣ አለቀ። ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ተማሪ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

«አምስት ኪሎ ሄደን የድንቅነሽን አጥንት አየን።»
በብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚታየው ቅጂ ነው። ዋናው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ልጆች ይህን ሲሰሙ «ተሸወድን!» ይላሉ። ለኔ ግን ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ለምን ተደበቀ? 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖረ አጥንት ከተሰበረ ምትክ የለውም፤ ተመራማሪዎችም ገና ያጠኑታል። ቅጂውም ቢሆን ብዙ ያስተምራል። የተገኘው ከአፅሟ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ በሁለት እግሯ እንደምትሄድ በምን ታወቀ? በዳሌዋና በጉልበቷ ቅርጽ። ይህ የገባው ልጅ አፅሟ የተገኘበትን 1967 ዓ.ም. ባይሸመድድም ግድ የለኝም።

«ሰላም የድንቅነሽ ልጅ ናት።»
በጭራሽ። በዲኪካ የተገኘችው ሰላም ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን ናት። ግን ድንቅነሽን በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማታለች።

«የፋሲልን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው።»
ይህን አንዳንድ መምህርም ይደግመዋል። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከፖርቱጋል ጋር የመጡትን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ግን ከዚያ በፊት ከአገር አስወጥተዋቸዋል። ያባረሩትን ሰው ተመልሰህ ቤት ሥራልኝ አይሉትም። በግንባታው የውጭ ጥበብ ተጽዕኖ የለም ማለት ግን አይደለም። ተማሪው ግድግዳው ሥር ቆሞ «የቱ ከየት መጣ?» ብሎ ቢከራከር ደስ ይለኛል።

«ላሊበላ ወይ አክሱም ካልተሄደ ጉብኝት አይባልም።»
ገንዘቡ ካለ ይሄዱ። የአዲስ አበባ ልጅ ግን መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ይግባ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ሙዚየም ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ለሙሶሎኒ የሥልጣን ዓመታት በየዓመቱ አንድ እርከን ብለው የሠሩት ነው። ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የየካቲት 12 ሐውልትም እዚያው አደባባዩ ላይ ነው፤ ከአምስት ኪሎ በእግር ይደረሳል።