ሙቅ ውሃ በጅማ ገጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ዙሪያ ባለ ገጠር ቤት ሙቅ ውሃ የማይፈለግበት ቀን የለም። ለሱብሂ ውዱእ ይፈለጋል። ለአራስ፣ ለሕፃን ገላ፣ ለዕቃ ማጠቢያ፣ ቡና ሲለቅም ውሎ ለሚገባ ሰው እግር ማጠቢያ ይፈለጋል። ደዶ ደጋው ላይማ በታኅሣሥ ጧት በቀዝቃዛ ውሃ ፊት መታጠብ ድፍረት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ውሃ በአብዛኛው የሚያሞቀው እንጨት ነው። እንጨቱን የምትሸከመው፣ ጭሱንም የምትውጠው በአብዛኛው እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም።

መቀየር ይቻላል። ግን ከዕቃው ዋጋ በፊት ሰውን ወደኋላ የሚይዘው ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወሬ ነው። ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለገላ የሚሆን ውሃ መፍላት አለበት»

ብዙ እንጨት የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚህ እንጀምር። ለገላ የሚበቃው 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ጉልበት ይበቃል። በሶስት ጉልቻ ላይ ግን ከእሳቱ ሙቀት ውሃው ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው በየጎኑ ይበተናል። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ባልዲ 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ይበቃል። ያንኑ ባልዲ ሙሉውን ካፈላነው ግን ከ3 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ እስኪበርድ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል። 5 ሊትር ብቻ ክዳን ገጥማችሁ አፍሉ። 15 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲው ውስጥ አስቀድማችሁ የፈላውን ጨምሩበት። 38 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙሉ ባልዲ ይወጣችኋል። ሕፃን የሚታጠብበት ከሆነ በክርናችሁ ሳትለኩት አትጠቀሙበት።

ክዳን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። 1 ሊትር ውሃ ተንኖ ሲጠፋ ይዞት የሚሄደው ሙቀት፣ አንድ ሙሉ ባልዲ ለገላ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ክፍት ድስት እየተንተከተከ ሲቆይ ቤቱን በእንፋሎት የሚሞላው የእናንተው እንጨት ነው። እኔ ብትጠይቁኝ አንድም ሳንቲም ሳታወጡ ነገ ጧት መጀመር የምትችሉት በዚህ ነው።

«የሚጠጣ ውሃ ግማሽ ሰዓት ካልተንተከተከ ጀርሙ አይሞትም»

የሚጠጣ ውሃ መፍላቱ ግዴታ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ግማሽ ሰዓት ግን አያስፈልግም። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም በሽታ አምጪ ተህዋስያንን ለመግደል በቂ ነው። ውሃው በደንብ መንተክተክ ከጀመረ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ደግሞ 3 ደቂቃ ያድርጉት ይላሉ የጤና ባለሙያዎች። ከዚያ በኋላ የሚነደው እንጨት ሁሉ ትርፍ ነው። የፈላውን ለሻይ ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጡት። እሳት ሁለቴ ከማቀጣጠል ያድናችኋል።

«እርጥብ እንጨት ቀስ ብሎ ስለሚነድ ይቆጥባል»

ቀስ ብሎ የሚነደው ሙቀቱን የራሱን ውሃ ለማድረቅ ስለሚያውል ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። የሚወጣው ጭስም ከደረቁ በጣም ይብሳል። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወጣው ግንድ ጥሩ ማገዶ ነው። ግን ፈልጣችሁ ዝናብ በማያገኘው የጣሪያ ጥግ ደርድሩት፤ ከወራት በኋላ ተጠቀሙበት። ዝናብ በሚበዛበት አገር የማገዶ ማስቀመጫ ራሱን የቻለ ቦታ ይገባዋል።

ስለ ምድጃም በአጭሩ ላንሳ። «ትክክል» የሚባለው ምድጃ ለድስት፣ «ምርጥ» የሚባለው ደግሞ ለእንጀራ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም ከሶስት ጉልቻ በጣም ያነሰ እንጨት ይፈጃሉ። ምርጥ ምድጃ ከኋላው ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት ማስቀመጫ አለው። እንጀራ ስትጋግሩ አንድ ድስት ውሃ እዚያ ላይ ጣል አድርጉ። ያለ ተጨማሪ ማገዶ ይሞቃል።

«ጅማ ዝናብና ደመና ስለሚበዛ በፀሐይ ውሃ አይሞቅም»

ይህን የማይል ሰው የለም ማለት ይቻላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ስላለው በደንብ መታየት አለበት።

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የሚሠራው በብርሃን ነው እንጂ በአየሩ ሙቀት አይደለም። የጅማ ሰማይ በዓመት አማካይ በቀን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። 2 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ማሞቂያ ግማሹን ቢያባክን እንኳ የቀረው 10 ባልዲ ገደማ ለገላ ያሞቃል። ይህ የአንድ ቤተሰብ የቀን ፍጆታ ነው።

ደግሞ ሙቅ ውሃ በጣም የሚናፍቀን መቼ ነው? ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ሲበርድ ነው። ያን ጊዜ ቀኑ ብራ ነው። ቡናችንን የማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግተን የምናደርቀው በዚሁ ፀሐይ ነው። ቡናውን የሚያደርቅ ፀሐይ ውሃውን አያሞቅም ማለት አያስኬድም።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ላይ እርግጥ ነው ያንሳል። ከባድ ደመና ባለበት ቀን ውሃው ለብ ብቻ ሊል ይችላል። ለብ ያለ ውሃ ግን ኪሳራ አይደለም። 20 ዲግሪ የነበረው 30 ከደረሰ፣ 40 ለማድረስ የሚቀረው ሥራ ግማሽ ነው። የሚነደውም እንጨት ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ምድጃውን አትጣሉት። ፀሐይና ምድጃ አብረው ይሠራሉ።

ለውዱእስ? የሞቀው ውሃ የሚጠራቀምበት የማሞቂያው ታንከር ዙሪያውን ሙቀት በሚይዝ ነገር የተሸፈነ ስለሆነ ከሰዓት የሞቀው ውሃ እስከ ሱብሂ ሙቀቱን ይይዛል። ጧት ተነስቶ እሳት ማቀጣጠል ቀረ ማለት ነው።

ቦታው ግን ወሳኝ ነው። ጅማ ላይ ማሞቂያው ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያዞርና 15 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ጥሩ ይሠራል። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ጥላ እንዳያርፍበት። አቮካዶውና ባሕር ዛፉ ቤቱን ከከበቡት ጣሪያው ላይ ከመስቀል ግቢው ውስጥ ገላጣ ቦታ ፈልጉለት።

አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው «የፀሐይ ውሃ ለብ ከማለት አያልፍም» ይላል። ይህ አደገኛ ነው። በብራ ቀን ሳይቀዳ የዋለ ውሃ ከ80 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። 60 ዲግሪ ውሃ እንኳ በሴኮንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል። ልጆች ባሉበት ቤት ቀዝቃዛ ሳይቀላቀልበት መከፈት የለበትም።

«ለአምፖል የገዛነው ሶላር ውሃም ያሞቅልናል»

አያሞቅም። አምፖል የሚያበራውና ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ፓኔል ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ባለ 20 ዋቱ በጥሩ ቀን ቢበዛ 100 ዋት ሰዓት ይሰጣል። አንድ ባልዲ ለማሞቅ 5 ቀን ያህል ማጠራቀም ሊኖርበት ነው። ውሃ ማሞቂያው ሌላ ዕቃ ነው፤ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ሻጭ «ሶላር ነው» ሲላችሁ የቱን እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

«የቧንቧ ውሃ ካልገባልን አይሆንም»

ይሆናል። ማሞቂያው የሚፈልገው ከእሱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሞቀው ደግሞ ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ወጥቶ ታንከሩ ውስጥ ይገባል። ፓምፕ የለም፤ መብራትም አያስፈልግም።

ሮቶውን የሚሞላው ከየት ይምጣ? ከጣሪያ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዓመት 48 ሺህ ሊትር ውሃ ከላዩ ይወርዳል። አሸንዳ ተሠርቶ ቱቦው ወደ ሮቶ ከገባ ብዙ ርቀት ተሸክሞ መምጣት ይቀንሳል። በበጋ ዝናቡ ሲጠፋ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ እየቀዱ መሙላት ይኖራል። በዚህ በኩል ድካሙ ሙሉ በሙሉ አይቀርም።

«በፀሐይ የሞቀ ውሃ ለውዱእ የተጠላ ነው»

ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ቢያነሳ አያስገርምም። ከእስልምና የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ በፀሐይ የሞቀን ውሃ መጠቀም መክሩህ (የተጠላ) ነው የሚል አስተያየት በእርግጥም አለ። አስተያየቱ ግን ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። አገሩ በጣም ሞቃት መሆን አለበት። ዕቃው እንደ ብረትና መዳብ ካለ ማዕድን የተሠራ መሆን አለበት። ውሃውም ትኩስ እንዳለ ሰውነት ላይ መዋል አለበት። ጅማ ደግሞ ሞቃት በረሃ አይደለችም። ከዚሁ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢማም ነወዊም የመረጡት መክሩህ አለመሆኑን ነው። መክሩህ ነው ያሉትም ቢሆኑ ሐራም ነው አላሉም። ልባችሁ ካልረጋ የአካባቢያችሁን ሸህ ጠይቁ። ጥያቄው ሳይነሳ ተዳፍኖ ከሚቀር ተጠይቆ መልስ ቢያገኝ ይሻላል።

«ግልገል ጊቤ አጠገባችን ነው፤ መብራት ሲገባ ሁሉም በመብራት ይሆናል»

ግልገል ጊቤ 1 በጅማ ዞን ውስጥ ነው፤ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ግን በከፍተኛ መስመር ወደ አገሪቱ ቋት ይገባል። እናንተ ቤት የሚደርሰውን የሚወስነው የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ቀጭኑ ሽቦ ነው። ሻወር ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ከ3,500 እስከ 5,500 ዋት ይስባል። ከእንጀራ ምጣድ አያንስም ማለት ነው። ማታ ሁሉም በአንዴ ሲከፍት አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ፊውዙም ይወርዳል። ግራውንድ በሌለው ቤት ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። ባልዲ ውስጥ የሚነከረው ማሞቂያም እንዲሁ ነው። ጉልበት አያባክንም፤ ግን ሶኬቱ ሳይነቀል ውሃውን የነካ ሰው በኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችላል።

ቦይለር ያላቸው ቤቶች ደግሞ «ቀን ሙሉ ክፍት ቢሆን ይቆጥባል» ይላሉ። አይቆጥብም። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ማንም ሳይቀዳበት እንኳ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ሊያፈስ ይችላል። ከመታጠባችሁ በፊት ክፈቱት፣ ከዚያ ዝጉት። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ጭምር የሚጨምርበት ነው። ስለዚህ ትርፉ ፍጆታ በውድ ዋጋ ይታሰባል።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው»

የፋብሪካው ማሞቂያ ውድ መሆኑን አልክድም። ግን መጀመሪያ የሚገዛው እሱ መሆን የለበትም። ቢጫ ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀቡት። ዘይት ወይም የእህል መድኃኒት ያልነካው ይሁን። ፀሐይ ላይ ዘርጋ አድርጋችሁ አስተኙት፤ እዚህ አገር የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሆነ ከቆመው ይልቅ የተኛው ብዙ ብርሃን ያገኛል። በብራ ቀን ከሰዓት በኋላ ገላ ሊታጠቡበት የሚችሉ ውሃ ይሰጣል። አናጢ ካለ ደግሞ ከታችና ከጎን በጭድ የተሞላ፣ ከላይ መስተዋት የተገጠመለት የእንጨት ሳጥን ያሠሩለት። ሙቀቱን በጣም ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ለመጠጥ ግን አይሆንም። የሚጠጣው ውሃ መፍላት አለበት።

የፋብሪካውን ለመግዛት አቅም የሚኖረው ቡና ሲሸጥ ነውና ያን ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ቤት ተመካክሮ መግዛትም ይቻላል። የሚያጓጉዝ መኪናና የሚገጥም ሠራተኛ በአንድ ጉዞ ይመጣል።

«አንዴ ከተገጠመ ሥራ የለውም»

ትንሽ አለው። ከጣሪያ የመጣ ውሃ ደለል ስላለው ታንከሩ በየጊዜው ከታች ተከፍቶ ይታጠብ። መስተዋቱን አቧራ ሲይዘው ጥረጉት። የመስተዋት ቱቦ ያለው ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፤ ሮቶው ደርቆ ቱቦው ባዶውን ፀሐይ ላይ ከዋለ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ብትለቁበት ይሰነጠቃል። እስኪመሽ ጠብቃችሁ ሙሉት።