ጉልበቱ የት ሄደ? ባሕር ዳር ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጢስ ዓባይን በበጋ አይተው የሚመለሱ ሰዎች ቅር ብሏቸው የሚሉት ነገር አለ፦ «ውሃውን እኮ ኤሌክትሪኩ በላው።»

ፏፏቴው በበጋ መሳሳቱ እውነት ነው። ተርባይን ግን ውሃ አይጠጣም። ጢስ ዓባይ ላይ ሁለት ማመንጫዎች አሉ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ። ውሃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይጠለፍና በቱቦ ቁልቁል ይወርዳል፤ ተርባይኑን አሽከርክሮ ታች ወንዙን ይቀላቀላል። መንገድ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ያ ውሃ በጢስ ዓባይ በኩል ጭራሽ አያልፍም፤ ዓባይን የሚያገኘው ሩቅ ሄዶ ነው። ፏፏቴው ሲሳሳ ማዘን ተገቢ ነው፣ እኔም አዝናለሁ። ግን መነጋገር ያለብን ለፏፏቴው ስንት ውሃ ይለቀቅ በሚለው ላይ ነው።

ከዚህ የባሰም ወሬ አለ፦ «ኃይሉ የተወሰደበት ውሃ ሰብል አያበቅልም።» ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው። ተርባይኑ የሚወስደው ውሃው ሲወርድ ያገኘውን ጉልበት ብቻ ነው። በውስጡ ያለውን ማዕድን አይነካም።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ውሃ 40 ሜትር ቢወርድ፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ የሚሰጠው 0.11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል ለ11 ሰዓት ገደማ ያበራል፣ በቃ። ማመንጫ ያን ያህል ውሃ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ታች የደረሰ ውሃ ደግሞ አልደከመም፤ ያን ቁልቁለት ጨረሰ እንጂ። ሌላ ቁልቁለት ሲያገኝ እንደገና ይሠራል። ዓባይ ከጢስ ዓባይ ወርዶ ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ማሽን ሥራ ይቀንሳል» የሚለውስ? ይሄኛው ብልጥ ሰውንም ያሳስታል። አይሱዙ ላይ የዘይት በርሜል የሚጭኑ ልጆችን ልብ ብላችሁ እዩ። በርሜሉ 200 ኪሎ ነው እንበል፤ የመኪናው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። ልጆቹ 4 ሜትር ጣውላ አጋድመው እየገፉ ያወጡታል። አሁን የሚጠይቃቸው ጉልበት 50 ኪሎ የማንሳት ያህል ነው። ግን የሚገፉት 1 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 4 ሜትር ሆኗል። ሥራ ማለት ጉልበት በርቀት ሲባዛ ነው፦ 200 በ1፣ 50 በ4፤ ሁለቱም ያው 200 ነው። እንዲያውም ሰበቃ ስላለ በጣውላው ያለው ድምር ትንሽ ይበልጣል።

ታዲያ ምን ጠቀመ? በጣም ጠቀመ እንጂ! የአንድ ሰው ክንድ 200 ኪሎ አይችልም፣ 50 ግን ይችላል። ጣውላውም ማሽን ነው፤ ማሽን የማይቻለውን ሥራ ወደሚቻል ይመነዝረዋል፤ ምንዛሬው የሚከፈለው በርቀት ነው። ድንጋይ የሚፈነቅል ድጅኖም ያው ነው፦ እጅ ብዙ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ትንሽ ይነሳል። ማርሽ በሌለው ሳይክል ወደ በዛዊት ኮረብታ የሚወጣ ልጅ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ የሚወጣውም መንገዱን አስረዝሞ አቀበቱን ለማለዘብ ነው። (መኪና ባለበት ግን አይሞከርም።) ማርሽ ያለው ደግሞ ይህንኑ በጥርስ ይሠራዋል። ፊት 48 ጥርስ፣ ኋላ 16 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስቴ ይዞራል። ኋላ ወደ 32 ቢቀየር ጎማው አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል። እግር ቀለለው፤ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ግን እጥፍ መርገጥ አለበት።

«ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» ብለን ያደግን ብዙ ነን። በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ የሚሄድ የብረት ጀልባ በቶን ይመዝናል፣ ግን ይንሳፈፋል፤ ምስማር ደግሞ ጥቂት ግራም ናት፣ ትሰምጣለች። ወሳኙ አንድ ነገር በክብደቱ ልክ ውሃ ገፍቶ ቦታ መያዝ መቻሉ ነው። ባዶ የቲማቲም ጣሳ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡ፣ ይንሳፈፋል። ያንኑ ጣሳ አየር እንዳይቀርበት በመዶሻ ጨፍልቃችሁ መልሱት፣ ይሰምጣል። ክብደቱ ግን አልተለወጠም። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ብትቆርጡት ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። ውሃ እየሰረገ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ታንኳው ይከብዳል። ባለታንኳዎች ከሥራ በኋላ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው የማድቤት ነው፦ «እሳት ሲጨመር ንፍሮው ቶሎ ይበስላል።» እስኪፈላ ድረስ ልክ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ የፈለገውን ያህል ከሰል ቢጨመር ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ትርፉ እሳት እንፋሎት ሆኖ በመስኮት ይወጣል። ፕሬዠር ኩከር የሚያፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምርና ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ስለሚያደርግ ነው። እሱ ከሌለ፣ የባቄላው ንፍሮ መንተክተክ ሲጀምር ክዳኑን ገጥሞ ከሰሉን ቀነስ ማድረግ ነው። መንተክተኩን እስካላቆመ ድረስ በዚያው ሰዓት ይበስላል።