ጓሳን ከቤተሰብ ጋር፦ ስለ መንዝ ደጋና አካባቢው አጠቃላይ ዳሰሳ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኝ የውርጭ አገር ነው። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከሚያመነጫቸው ውኆች ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ብዙ ሰው «ጓሳ ፓርክ» ይለዋል፤ በሕግ ግን ብሔራዊ ፓርክ ሳይሆን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው እግሩ የረገጠው የመንዝ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው።

ገበሬው ይህን ምድር የጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። አጀማመሩ ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወሰዳል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን እንደያዙ ይነገራል፤ የመጠቀም መብትም የዘራቸው ነበር። አባ ቄራ የሚባሉ ሹሞች ይመረጡ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ጓሳ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሦስት ዓመት የተለመደ ነበር፣ አምስትም የሚደርስበት ጊዜ ነበር። በዚያ መሃል ማጨድም ማገዶ መልቀምም ክልክል ነበር። ከብትም አይገባም ነበር። ሣሩ ሲደርስ ሹሞቹ ሕዝቡን አማክረው ቀን ይቆርጡ ነበር። መጀመሪያ ሣር ይታጨድ፣ ከብቱ ቀጥሎ ይገባ፣ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋ ነበር። የታጨደው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ይውላል። ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በስርቆት ሣር የተከደነ ቤት ይቃጠል ነበር የሚሉ አሉ። በአፍሪካ ከታወቁት ቀደምት የማኅበረሰብ ጥበቃዎች አንዱ ይህ ስለመሆኑ ግን ክርክር የለም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. የክልሉ መንግሥት ጓሳን በሕጋዊ ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ አቋቋመው።

ልጆች የሚወዱት ጭላዳዎቹን ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ቶሎ መድረስ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ረፍዶ የሚደርስ ቤተሰብ መንጋው ርቆበት ልጆቹን ሊያለቃቅስ ይችላል። ዳቦ መወርወር አይገባም፤ አንዴ የለመደ መንጋ ኋላ የገበሬውን ማሳ ይለምዳል።

ቀይ ቀበሮ ግን ዕድል ይጠይቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ያሉትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። የሚያድነው በቀን፣ ብቻውን፣ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድ የበዛበትን ሜዳ ዝም ብሎ መቃኘት ነው። የቤት ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይሆንም። ቀበሮውን የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ገደሉን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ይቀጥላል። ጓሳ ከመሐል ሜዳ በፊት ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ከትንንሽ ልጆች ጋር ቀልድ ነው! ደብረ ብርሃን አድሮ መነሳት ይሻላል። ከተማዋ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሰውነትም እዚያው ከከፍታው ጋር ይለማመዳል። ነዳጅ መሙላትና ጥሬ ገንዘብ መያዝም እዚያው ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው ግጭት ስለነበረ፣ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ነው። ክረምት ላይ ጉም ሁሉን ይሸፍናል። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፣ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጃኬት፣ ኮፍያና ጋቢ አይቀርም። ራሱን ያመመው ልጅ ካለ ውኃ አጠጥቶ ማሳረፍ፣ ካልተሻለው ወደ ዝቅታ መውረድ ነው። ስንቅ ከቤት ይያዝ፤ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ይበቃሉ። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ሎጅ አለ። ድንኳን ይዞ ለሚያድር ግን አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ እሳት ማንደድ ነውር ነው። የመንዝ በግ ፀጉር ዝተት መግዛት የፈለገ መሐል ሜዳ ገበያ ቢወጣ ይሻለዋል።

አያት ይዞ ለሚጓዝ፣ ወይም የጓሳ ብርድ ለከበደው፣ አንኮበር አለ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞችን የተቀበሉት በዚሁ አካባቢ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ ቆሟል፤ መውጫው በእግር ስለሆነ አያት በዝግታ ይውጡ። ከዚያ አልፎ ወፍ ዋሻ ደን ነው፣ ጽድና ዝግባ የሞላበት። የመናገሻ ደን የተተከለው ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከዚህ ባስወሰዱት ዘር ነው የሚባል ትውፊት አለ፤ ምናልባት እውነት ይሆናል። ወፍ የሚወዱ ልጆች ከገደሉ አፋፍ ላይ የአንኮበርን ዲምቢጥ መሰል ትንሽ ወፍ ሊያዩ ይችላሉ። ለሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው ከዚሁ ከአንኮበር ነው።