በመሀል አዲስ አበባ ከባድ ጭነት ማጓጓዝ

አዲስ አበባ የተዳፋት ከተማ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ተነስታ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ከፒያሳ ማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር ያለው ቁልቁለት ይህን በደንብ ያሳያል። ፌሮ ወይም ኤክስካቫተር ለጫነ መኪና እንዲህ ያለው መንገድ ትልቅ የፍሬን ፈተና ነው።

ከአገሪቱ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባል። አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከባድ ዕቃ ለገሃር ድረስ በሐዲድ ይመጣ ጀመር። የአዲሱ መስመር የጭነት ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ እንዶዴ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ መርካቶ ሱቆችም ሆነ ወደ መሀል ከተማ ግንባታዎች ያለው የመጨረሻው መንገድ የመኪና ሥራ ሆኗል። ለቀላሉ አይሱዙ አለ። ለአሸዋና ለጠጠር ሲኖትራክ፣ ለኮንቴይነር ተሳቢ፣ ለግንባታ ማሽን ደግሞ ሎቤድ፣ ማለትም ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ይመጣል።

ከባድ ነገር በዳገት ማጓጓዝ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የዚሁ ታሪክ ምስክር ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ አድርሰውታል። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ እንደነበር ይነገራል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዝያን ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ታውቋል። ዛሬ 70 ኩንታል ለአንድ ሲኖትራክ ቀላል ጭነት ነው። ችግሩ ከመጎተት ወደ ማቆም ተዛውሯል።

ፍሬን የሚያቆመው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት እየቀየረ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ረግጦ ከወረደ የፍሬን ሸራው፣ ማለትም እየተፋተገ ጎማውን የሚይዘው ክፍል፣ ይግላል። የጋለ ሸራ ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይወድቃል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ከሚባሉት አደጋዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው። ፍጥነትም ቀልድ አያውቅም። በሰዓት ከ20 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ሲጨምር፣ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው አሮጌ ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከተቻለም ከዚያ ባነሰ ማርሽ ውረድ። ማርሹ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ የጫነ መኪና ማርሽ ልቀንስ ማለት ዜሮ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ የመቅረት አደጋ አለው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብሎ ዜሮ አድርጎ መውረድ ደግሞ በሰው ሕይወት መጫወት ነው፤ ለዚህ ምንም ማመካኛ አላይም። የሞተር ፍሬን፣ ማለትም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ መሣሪያ፣ ያለው መኪና እሱን ይጠቀም። የእግር ፍሬን አልፎ አልፎ ጠበቅ ተደርጎ ተረግጦ ይለቀቅ።

በታመቀ አየር የሚሠራው የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት የአየር ጋኑን ውሃ ማፍሰስ፣ ወደ ተሳቢው የሚሄዱትን ቱቦዎች ማየት፣ የሚያፏጭ ነገር ካለ ማዳመጥ ያስፈልጋል። አየር ሲያልቅ መኪናውን የሚይዝ የስፕሪንግ ፍሬን አለ። እሱም የሚሠራው በትክክል ከተስተካከለ ብቻ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ዳገት ላይ ሞተር ይደክማል፤ የአየር ጋንም ቶሎ አይሞላም።

ቀጥሎ ያለው አሳሳቢ ጉዳይ የጭነት አስተሳሰር ነው። በአውሮፓ መስፈርት ማሰሪያው የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ የሚያህል ጉልበት ወደ ፊት፣ 50 በመቶ ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መቋቋም አለበት። ወደ ፊት ያለው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ድንገት ሲቆም ጭነቱ ጉዞውን ይቀጥላል። ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ጋቢናው ነው። ፌሮ በዚህ ረገድ ክፉ ነው። 12 ሜትር ይረዝማል፤ ላዩን በገመድ ቢታሰርም ከመሀል ተንሸራቶ ይወጣል። እስሩ በየቦታው መጠበቅ፣ ፊቱም ጠንካራ መከላከያ ላይ መደገፍ አለበት። የኤክስካቫተር ክንድ ታጥፎ ይወርዳል፤ አራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይያዛል፤ የሰንሰለት እግሩ ጭቃም ይጠረጋል። የኮንቴይነር አራት መቆለፊያዎች አንድም ሳይቀር ይዘጋሉ። ከዚያ ትንሽ ተጉዞ ቆሞ ማሰሪያውን እንደገና ማጥበቅ ነው፤ ጭነት በመንገድ ላይ ይረግጋል፣ ገመዱም ይላላል።

ክብደቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ አይደለም። «ትንሽ ጨምርበት፣ አንድ ምልልስ ይቀርልናል» የሚለው ባለ ንብረቱ ነው። በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት 20 በመቶ ሲጨመር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው። ሹፌር «አልነዳም» ሲል እንጀራውን ማጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መሀል ከተማ ላይ ቀን ቀን የከባድ መኪና እንቅስቃሴ ስለሚገደብ ብዙው ጭነት በሌሊት ይገባል። መንገዱ ክፍት ይሆናል፤ ሹፌሩ ግን ይደክማል። ከፍታም አለ። ከፍ ያለው ዓይነት ኮንቴይነር ቁመቱ ብቻውን 2.9 ሜትር ነው። ተሳቢ ላይ ሲቀመጥ ከ4 ሜትር ያልፋል። የተንጠለጠለ ሽቦና የቀላል ባቡር ድልድይ አስቀድሞ መታየት አለበት። መርካቶ ውስጥ ሲታጠፍ የተሳቢው የኋላ ጎማ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ጥግ ላይ የቆመን ሰው ሹፌሩ ላያየው ይችላል። ረዳት ወርዶ መምራት ያለበት እዚህ ነው።

መኪናው ዳገት ላይ ከተበላሸ ረዳቱ መጀመሪያ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ከዚያ ትሪያንግል ራቅ አድርጎ ያቆማል። ብዙዎች ድንጋይና ቅጠል መንገድ ላይ ያስቀምጣሉ። ቅጠሉ ቀን ይታይ ይሆናል፤ ማታ አይታይም። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣውን ታክሲ ወይም ሞተር ሳይክል ይገለብጣል። ረዳቱ ጋቢና ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ ማንሳት አለበት።